ከአየር ምድብ ወደ ሕዝብ መናፈሻ፦ የሪያድ አሮጌ ኤርፖርትና የቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ

ከመንፉሐ በስተሰሜን ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአጥር ተከልሎ የኖረ ሰፊ ሜዳ አለ። ነባር የሪያድ ነዋሪዎች ዛሬም «አል-መጣር አል-ቀዲም»፣ ማለትም አሮጌው ኤርፖርት ይሉታል። አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ቀጥሎ የአየር ኃይል ምድብ ሆነ፤ አሁን ደግሞ የንጉሥ ሳልማን ፓርክ እየተገነባበት ነው። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት የነበረው የማኮብኮቢያ መንገድ በተዘረጋበት ምድር ላይ ዛሬ ዛፍ እየተተከለ ነው።

አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ሌላ ቦታ ትዝ ሊለው ይችላል። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራውን ለቦሌ ካስረከበ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ በዙሪያው ያለው ሰፈር እስከ አሁን «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል። ሁለት ዋና ከተሞች፣ ሁለት አሮጌ ኤርፖርቶች። ይህ ተመሳሳይነት ከስም ያለፈ ታሪክ አለው። ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ዛሬ በሪያድም ሆነ በቢሾፍቱ ስለሚደረገው ነገር በአስተውሎት ለመናገር ይረዳል።

የ1945 የካቲት

እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው «ኩዊንሲ» የጦር መርከብ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብለው አነጋገሩ። በማግሥቱ፣ የካቲት 14 ቀን፣ በዚያችው መርከብ ላይ ንጉሥ አብዱልዐዚዝን አገኙ። የሳዑዲ ዐረቢያና የኢትዮጵያ መሪዎች በአንድ ቀን ልዩነት በአንድ መርከብ ላይ መገኘታቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ የሁለቱ አገሮች የአቪዬሽን ታሪክ በዚያው ዓመት ጎን ለጎን ተጀምሯል።

ሩዝቬልት ለንጉሥ አብዱልዐዚዝ ዲሲ-3 የተባለ አውሮፕላን በስጦታ ሰጡ፤ የሳዑዲ አየር መንገድም ታሪኩን ከዚያች አውሮፕላን ይጀምራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። የተጠቀመበት ሲ-47 አውሮፕላን የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነው። ሁለቱም አየር መንገዶች በመነሻቸው ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ኩባንያ የሙያ ድጋፍ አግኝተዋል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ዕቃዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የሲቪልና የወታደር አቪዬሽን መንትያ ልጆች ነበሩና አብራሪው፣ መካኒኩና ሜዳው ለሁለቱም ያገለግሉ ነበር።

ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች ከቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቁ የተሠሩት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ያበረረው ፖቴዝ 25 ነው። በዚያን ጊዜ ማረፊያ ማለት ድንጋዩ የተለቀመለት፣ ከብት የተከለከለበት ደልዳላ መሬት ማለት ነበር። ነገር ግን የተመረጠው መሬት ሁልጊዜ ከከተማው ዳር ያለው እጅግ ደልዳላው ነው። ከተማው ሲያድግ ያንን መሬት ደርሶበት ያልፈዋል። የብዙ አሮጌ አየር ምድቦች ችግርም ሆነ ዕድል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሜዳው ከተማውን ሲመራ

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሒጃዝ ወደ ሪያድ ሲዛወሩ፣ የሚኒስቴር ሕንፃዎች የተደረደሩት ከአሮጌው ከተማ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነበር። መንገዱም «የኤርፖርት ጎዳና» ይባል ነበር። ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠራው አል-መለዝ ሰፈርም የተቋቋመው በዚሁ አቅጣጫ ነው። እንግዳ የሚመጣው በአየር ነበርና ከተማው ፊቱን ወደ አየር ማረፊያው አዞረ። በ1968 ሥራውን የጀመረው የግሪካዊው ዶክሲያዲስ ድርጅት ያዘጋጀው የሪያድ የመጀመሪያ ማስተር ፕላንም ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚዘረጋ አከርካሪ ላይ አቆማት።

ይህ ውሳኔ በመንፉሐ ላይም ዐሻራውን አሳርፏል። መንፉሐ ከሪያድ የተለየች፣ የራሷ የእርሻ ቦታና የተምር ዛፍ የነበራት ጥንታዊ መንደር ናት። ከእስልምና በፊት ከነበሩት ታላላቅ የዐረብ ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው አል-አዕሻ የመንፉሐ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቶች፣ ኩባንያዎችና አዳዲስ መኖሪያዎች ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ በደቡብ ያሉ ነባር ሰፈሮች ኪራያቸው ከሌላው የማይከብድ፣ ሠርቶ አዳሪው ሊኖርባቸው የሚችል ሆነው ቀሩ። ዛሬ አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ በመንፉሐ መንገዶች የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አየር ማረፊያው በሰሜን መሆኑ በደቡብ ማን እንደሚኖር በተዘዋዋሪ መንገድ ወስኗል።

የአጥሩ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1983 የንጉሥ ኻሊድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሀል ከተማዋ በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሥራ ሲጀምር የመንገደኞች በረራ ከአሮጌው ሜዳ ለቀቀ። ሜዳው ግን አልተዘጋም። ለሮያል ሳዑዲ አየር ኃይል ቀረ፤ የሪያድ አየር ምድብ፣ በኋላም የንጉሥ ሳልማን አየር ምድብ ተባለ።

ይህ ምድብ በዓለም ዜና ላይ በስፋት የተነሣው ከነሐሴ 1990 እስከ የካቲት 1991 ኢራቅ ኩዌትን በወረረችበት ጊዜ ነው። የጥምር ኃይሉ የአየር ዘመቻ የሚመራው ከሪያድ ነበር። በጀርባቸው ላይ ክብ ራዳር የተሸከሙት የአዋክስ አውሮፕላኖች ከዚሁ ምድብ እየተነሡ ሰማዩን ይጠብቁ ነበር። በምድር ላይ የሚንቀሳቀስን ተሽከርካሪ ከሩቅ የሚከታተለው፣ ገና በሙከራ ላይ የነበረው የጄስታርስ አውሮፕላንም የመጀመሪያ ግዳጁን የፈጸመው ከሪያድ ተነሥቶ ነው። በዚያ ጦርነት ወቅት የስከድ ሚሳይሎች ወደ ሪያድ ተተኩሰዋል፤ የከተማዋ ነዋሪም የአደጋ ሳይረን ድምፅ ምን እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በከተማ መካከል የሚገኝ የጦር ሜዳ አገር የሚጠብቅ ጋሻ ነው፤ በዚያው ልክ የጠላትን ዓይን ይስባል።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ በሁሉም አቅጣጫ አደገች። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ የሪያድ ሕዝብ 7 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። በአንድ ወቅት የከተማ ዳር የነበረው ምድብ የከተማ እምብርት ሆነ። ለአውሮፕላን ደኅንነት ሲባል በማኮብኮቢያ መግቢያና መውጫ አካባቢ የሕንፃ ቁመት ይገደባል፤ መንገዶችም ሜዳውን ዞረው እንዲያልፉ ይገደዳሉ። በዚህ ሁኔታ አንድ መንግሥት ሦስት ምርጫ አለው፦ ሜዳውን እንዳለ ማቆየት፣ ለሕንፃ ሸንሽኖ መሸጥ ወይም ለሕዝብ ክፍት ማድረግ።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

በእንግሊዝ በርክሸር አውራጃ ግሪንሃም ኮመን የሚባል ቦታ አለ። «ኮመን» ማለት የአካባቢው ሰዎች ከብት የሚያሰማሩበት የጋራ ግጦሽ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሬቱ ለአየር ምድብነት ተወሰደ። ሰኔ 5 ቀን 1944፣ ከኖርማንዲ ወረራ በፊት በነበረው ምሽት፣ ጄኔራል አይዘንሃወር ወደ ፈረንሳይ ሊዘሉ የተዘጋጁ የአሜሪካ ፓራሹተኞችን የተሰናበቱት እዚያ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለ96 ክሩዝ ኑክሌር ሚሳይሎች ማከማቻ ተሠራበት። ከመስከረም 1981 ጀምሮ ሴቶች በአጥሩ ሥር ድንኳን ተክለው ተቃወሙ፤ በታኅሣሥ 1982 ደግሞ 30 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ምድቡን ከበቡት። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1987 ስምምነት ከፈረሙ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሚሳይሎች በ1991 ወጡ። ማኮብኮቢያው ተሰብሮ ኮንክሪቱ ለመንገድ ሥራ ዋለ፤ በሚያዝያ 2000 አጥሩ ተነሥቶ መሬቱ ወደ ቀድሞ የጋራ ግጦሽነቱ ተመለሰ። ዛሬ የሚሳይል ማከማቻዎቹ በሣር ተሸፍነው ቆመዋል፤ በዙሪያቸውም ከብት ይግጣል።

በበርሊን የነበረው ቴምፕልሆፍ በ1948 እና 1949 ከተማዋ በተከበበች ጊዜ ምግብና ከሰል በአየር የገባበት ሜዳ ነው። በጥቅምት 2008 ተዘጋ፤ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። የከተማው አስተዳደር በዳርቻው ላይ ቤት ሊሠራ ሲያስብ ነዋሪዎች በግንቦት 2014 በሕዝበ ውሳኔ ከለከሉ። ዛሬ ልጆች በማኮብኮቢያው ላይ ብስክሌት ይነዳሉ።

የሁለቱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ወታደራዊ ሜዳ ወደ ሰላማዊ አገልግሎት ሲመለስ ሥራው አጥር በማንሣት አያበቃም። ወፍራም ኮንክሪት መነቀል አለበት። ለዓመታት የፈሰሰ ነዳጅና ለእሳት ማጥፊያ የዋለ ኬሚካል ያረፈበት አፈር መመርመር አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ይህ መሬት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ግሪንሃም ለግጦሹ ባለ መብቶች፣ ቴምፕልሆፍ ለከተማው ሕዝብ ተመለሰ። የሪያድ መልስ ምንድን ነው?

መናፈሻው በቁጥር

እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 2019 የሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች አገልጋይ ንጉሥ ሳልማን ቢን አብዱልዐዚዝ በአልጋ ወራሹ አነሣሽነት የቀረቡ አራት ታላላቅ የሪያድ ፕሮጀክቶችን ይፋ አደረጉ። እነዚህም የንጉሥ ሳልማን ፓርክ፣ የስፖርት ጎዳና፣ አረንጓዴ ሪያድና የሪያድ ጥበብ ናቸው። ለአራቱ የተመደበው 86 ቢሊዮን ሪያል ነበር።

ፓርኩ መጀመሪያ በ13.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ታቅዶ በኋላ ከ16 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ለማነጻጸር ያህል፣ የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ 3.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከጠቅላላው ስፋት ከ11 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው አረንጓዴ ቦታ ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍ ለመትከል ታቅዷል። 7.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ክብ የእግረኛ መንገድ፣ ሙዚየሞች፣ ቴአትር ቤትና የጥበብ ማእከል፣ በዳርቻው ደግሞ መኖሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ይኖሩታል። ይህ መልስ ቅይጥ ነው፤ ብዙውን ለዛፍና ለእግረኛ ሰጥቶ የዳርቻውን ክፍል ለገበያ አውሏል። ግንባታውም በመካሄድ ላይ ነው።

በበረሃ ከተማ አንድ ሚሊዮን ዛፍ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ነው። የአረንጓዴ ሪያድ ዕቅድ በመላ ከተማዋ 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከልና የአንድን ነዋሪ የአረንጓዴ ቦታ ድርሻ ከ1.7 ካሬ ሜትር ወደ 28 ካሬ ሜትር ለማድረስ ነው። ለዚህም የመስኖ ውሃው ከከተማዋ ፍሳሽ ተጣርቶ የሚገኝ እንዲሆን ተወስኗል፤ ይኸውም በቀን ከ90 ሺህ ሜትር ኩብ ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲደርስ ነው። እዚህ ላይ መንፉሐ በታሪኩ ውስጥ ስም አላት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመንፉሐ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚያወጣው የተጣራ ውሃ በደቡብ ያሉ እርሻዎችን ሲያጠጣ፣ ለሪያድ የነዳጅ ማጣሪያም ሲያገለግል ኖሯል። ፍሳሽን አጣርቶ ዛፍ የማልማት ልምድ ለሪያድ አዲስ አይደለም፤ ከደቡብ ሰፈሮች አጠገብ የተጀመረ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መዳረሻ ነው። መናፈሻ ለሕዝብ ተከፈተ የሚባለው መኪና የሌለው ሰው ሊደርስበት ሲችል ነው። ስድስት መስመር፣ 85 ጣቢያና 176 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሪያድ ሜትሮ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ሰማያዊው መስመር መንፉሐን ጨምሮ ደቡባዊ ሰፈሮችን ከበትሓና ከዑለያ ጋር ያገናኛል። ከዚያ ወደ ፓርኩ መስመር ወይም አውቶቡስ መቀየር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ወይም ግንባታ ላይ የዋለ ሠራተኛ በዓርብ ቀን በጥቂት ሪያል ከመንፉሐ ተነሥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ሊቀመጥ መቻሉ ከዐሥር ዓመት በፊት ሊታሰብ የማይችል ነገር ነበር። የፓርኩ ስኬት የሚለካው በዛፎቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከደቡብ የሚመጣው እንግዳ ቁጥርም መለኪያው መሆን አለበት።

ሐረር ሜዳ

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ የሚገኘው ሐረር ሜዳ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ምድብ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ አየር ኃይሉን እንደገና እንዲያደራጁ የተጠሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነበሩ። እኚህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረሩ የኢትዮጵያ ወዳጅ ናቸው። ሳፊር የተባሉ ማሠልጠኛዎችና ሳዓብ 17 ቦምብ ጣዮች ከስዊድን መጡ። ፎን ሮዘን በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ጎዴ ላይ ሞቱ፤ የተቀበሩትም በኢትዮጵያ ነው።

ከዚያ ሜዳ የተነሡ ኤፍ-86 ጀቶች በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ-5 የሚያበርሩ አብራሪዎች የሰማዩን የበላይነት ይዘዋል። ነገር ግን ሐረር ሜዳ ፊቱን ወደ ውጭ ብቻ አላዞረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የምድቡ አባላት የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው መኮንኖቻቸውን አገቱ፤ የአብዮቱ አንዱ ፍንጣሪም ከዚያ ተነሣ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ሙከራው ከሽፎ ብዙ የሠለጠነ የጦር መሪ ጠፋ። በዋና ከተማ አቅራቢያ ያለ የጦር ሜዳ በአገር ፖለቲካ ውስጥ ድምፅ እንዳለው የኢትዮጵያ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል።

ዛሬ ቢሾፍቱ በሌላ ምክንያት በዜና ውስጥ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአካባቢው አዲስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ግንባታ በጥር 2026 እ.ኤ.አ. አስጀምሯል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ በነሐሴ 2025 ተቀብሎ፣ ከራሱ 500 ሚሊዮን ዶላር ለማቅረብ አስታውቋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል።

ቦሌ እያለ ለምን ቢሾፍቱ? አንዱ ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአዲሱ ኤርፖርት ቦታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፍ የሚሸከመው ክብደት፣ ሞተር የሚያወጣው ጉልበትም ይቀንሳል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ ትልቅ አውሮፕላን ለሩቅ ጉዞ ነዳጅ ሲሞላ ጭነት ወይም መንገደኛ መቀነስ ይገደዳል። ሁለተኛው ምክንያት ሪያድን የገጠማት ነው፤ ቦሌ በከተማ ተከብቧል። ሳዑዲ ዐረቢያም በኅዳር 2022 የንጉሥ ሳልማን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን ዕቅድ ይፋ ስታደርግ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ስድስት ማኮብኮቢያና በ2030 ለ120 ሚሊዮን መንገደኛ የሚበቃ አቅም አስባለች። ልደታ ለቦሌ፣ ቦሌ ለቢሾፍቱ እንደሚያስረክብ ሁሉ አል-መጣር አል-ቀዲም ለንጉሥ ኻሊድ አስረከበ፤ የንጉሥ ኻሊድ ማረፊያ ደግሞ በአዲሱ ውስጥ ይጠቃለላል።

መንፉሐ ያለው አንባቢ ምን ይያዝ?

አዲስ ኤርፖርት በሚሠራበት ሁሉ የመሬት ወሬ ይቀድመዋል። «ኤርፖርቱ አጠገብ» እየተባለ የሚቀርብ መሬት በስልክ ፎቶ አይቶ ለዓመታት የተጠራቀመ ደመወዝ መላክ አደገኛ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰው የሚያስተላልፈው በመሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረትና በሕግ የተሰጠውን የይዞታ መብት ነው። አንድ ቦታ ለኤርፖርቱ ክልል ተወስዶ እንደሆነ፣ ወይም የሕንፃ ቁመት ገደብ ያለበት እንደሆነ የሚያውቀው የአካባቢው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ገንዘብ ከመላክ በፊት የታመነ ዘመድ በአካል ሄዶ ካርታውን በዚያ ጽሕፈት ቤት ያመሳክር። ከደላላ አፍ ይልቅ የመዝገብ ቤት ቃል ይታመናል።

ለልማቱ ከይዞታቸው የሚነሡ አርሶ አደሮችም አሉ። ከመንፉሐ አንባቢዎች መካከል አባቱ ወይም አጎቱ ከእነዚህ አንዱ የሆነ ሊኖር ይችላል። ካሳ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ እርሻ ግን በየዓመቱ የሚያበላ ነበር። ስለዚህ በልጆቹ ዘንድ መመከር ያለበት ካሳው ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም። ገንዘቡ በምን ሥራ ላይ ቢውል ቤተሰቡን ከዐሥር ዓመት በኋላም ያኖራል? ከውጭ የሚላከው ብር ከካሳው ጋር ተዳምሮ ለአንድ ዘላቂ ሥራ ቢውል ሁለቱ ለየብቻ ከሚበተኑ ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ትውስታ ነው። የሳዑዲ አየር ኃይል ታሪክ በሪያድ በሚገኘው ሰቅር አል-ጀዚራ የአቪዬሽን ሙዚየም ተቀምጧል፤ ልጅ ያለው ቤተሰብ አሮጌዎቹን አውሮፕላኖች ሊያይበት ይችላል። ልደታ ግን ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ወጣት የሰፈር ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያው የካይሮ በረራ ትዝታ፣ የመካኒኮቹና የአስተናጋጆቹ ታሪክ ባለቤቶቹ ሳያልፉ መመዝገብ ይገባዋል። በሪያድም ቢሆን በ1983 የመንገደኞች በረራ ከመልቀቁ በፊት በአሮጌው ኤርፖርት ወርደው ሥራ የጀመሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ትዝታ የከተማዋ ታሪክ አካል ነው።

ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው በአንድ ቃል ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። ዐረብኛው «መጣር» የሚለው «ጣረ»፣ በረረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የሚበረርበት ቦታ ማለት ነው። አማርኛው ያንኑ ቦታ «ማረፊያ» ይለዋል። አንዱ መነሣትን፣ ሌላው ማረፍን አስቦ ሰየመ። ከአገሩ ለሥራ የወጣ ሰው ሁለቱንም ያውቃል፤ በአንዱ ኤርፖርት ተነሥቶ በሌላው ያርፋል፣ የሚመለስበትንም ቀን ያስባል። በሪያድ መሀል ያለው አሮጌ ሜዳ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመነሣት ቦታ ሆኖ ኖሯል። አጥሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ለመንፉሐ ሠራተኛም እንደ አማርኛው ስሙ ማረፊያ ሊሆን ይገባዋል።